አንኮበር፦ የነገሥታት መናገሻ፣ የባለ እጆች አገር

በማሠልጠኛ ተቋማችን በየዓመቱ ለአዲስ የታሪክ ሠልጣኞች አንድ ቀላል ጥያቄ እናቀርባለን። ጥያቄውም «የኢትዮጵያ ነገሥታት መናገሻ የነበሩትን ከተሞች ጻፉ» የሚል ነው። ወረቀቱ ሲሰበሰብ አክሱም አለ፤ ላሊበላ አለ፤ ጎንደር አለ፤ አዲስ አበባም አለች። አንኮበር ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ወረቀት በላይ አትገኝም። የአዲስ አበባ መንግሥት ሥሩ ያለው በሸዋ ተራሮች ላይ ሆኖ ሳለ፣ የሥሩን ቦታ ግን ተማሪው አያውቀውም።

ከዚህም በላይ አንድ ሌላ ነገር እናያለን። አንኮበርን የሚያውቅ ሠልጣኝ ቢገኝ የሚያውቀው የነገሥታቱን ስም ነው። ንጉሡ የበላውን እህል ማን አበሰለው? የለበሰውን ማን ሸመነው? የጠጣበትን ዋንጫና የተበላበትን ሸክላ ማን ሠራው? ብለን ስንጠይቅ ክፍሉ ጸጥ ይላል። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው ስለ አንኮበር አጭር ታሪክ መስጠትና እነዚህን ጥያቄዎች ከታሪኩ ጋር ማያያዝ ነው። (ዘመኑ የተቆጠረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

የቦታው አቀማመጥ

አንኮበር የሚገኘው በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። የዛሬው የወረዳው ዋና ከተማ ጎረቤላ ሲሆን፣ የጥንቱ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ከዚያ አለፍ ብሎ ይገኛል። ኮረብታው ቀጥ ያለ ነው። ሠልጣኞቻችንን ይዘን በወጣን ጊዜ ወጣቶቹ እንኳ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳያርፉ አልጨረሱትም። ከላይ ሲደርሱ ግን ቦታው ለምን እንደ ተመረጠ መምህር ሳይነግራቸው ገባቸው። በስተምዕራብ ብርዳሙ የሸዋ ደጋ አለ። በስተምሥራቅ መሬቱ እንደ ደረጃ ቁልቁል እየወረደ ወደ አዋሽ ሸለቆና ወደ አፋር ቆላ ይዘልቃል።

ከዚህ የምንረዳው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቦታው ለመከላከል ይመቻል፤ ጠላት ከየትም ቢመጣ ቀድሞ ይታያል። ሁለተኛ፣ ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ስለሚገናኙ ገብሱም፣ ጤፉም፣ ጥጡም ወደ አንድ ገበያ ይመጣል። ሦስተኛ፣ ከታጁራ ወደብ የሚነሣው የሲራራ ንግድ በአፋር በረሃ አልፎ ወደ ሸዋ ሲወጣ በዚህ በኩል ማለፍ አለበት። በሩን የያዘ ቀረጡንም ይይዛል። የከተማይቱ ስም ራሱ ይህን ያስታውሳል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው አንኮ የተባለች የኦሮሞ ባላባት አካባቢውን ትገዛ ስለ ነበር ቦታው «አንኮ በር»፣ ማለት የአንኮ በር ተባለ።

የመናገሻነቷ ታሪክ

የሸዋ መሳፍንት ከመንዝ ተነሥተው ግዛታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲያሰፉ መቀመጫቸውንም አብረው ያዛውሩ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መርድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን መናገሻ አደረጉ። ከእርሳቸው በኋላ አስፋ ወሰን፣ ቀጥሎም ወሰን ሰገድ ገዙ። የወሰን ሰገድ ልጅ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሲገዙ «ንጉሥ» የሚለውን ማዕርግ ወሰዱ። በስተምዕራብም አንጎለላን ሁለተኛ መቀመጫ አድርገው ቆረቆሩ።

የአንኮበር ስም በውጭ አገር የታወቀው በሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። በ1831 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ መጣ። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም ደረሰ። ከዚያም በ1833 ዓ.ም. በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን መጥቶ በኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ንጉሡ ከእንግዶቹ በብርቱ ይፈልጉት የነበረው የጦር መሣሪያና የእጅ ሥራ ዕውቀት ነበር።

የመናገሻነት ታሪክ የክብር ታሪክ ብቻ አይደለም። የነገሥታቱ ወንድሞችና ዘመዶች ዙፋን እንዳይሹ በጎንቾ አምባ ይታሰሩ ነበር። በአንኮበር ሥር ከሚያልፈው ንግድም አንዱ ክፍል በባርነት የተያዙ ሰዎችን ወደ ባሕር ጠረፍ የሚያወርድ ነበር። ይህን ደብቆ ታሪክ ማስተማር አይቻልም።

የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲያርፉ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለዱትን ምኒልክንም ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲገቡ አንኮበር እንደገና መናገሻ ሆነች። በ1868 ዓ.ም. የጣሊያን መልክዐ ምድር ማኅበር ያሰናዳው ቡድን በማርኪስ አንቲኖሪ መሪነት ወደ ሸዋ መጣ፤ ለጥናት ጣቢያውም በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ተቀበለ። አንቲኖሪም በ1874 ዓ.ም. በዚያው ሞተ።

ነገር ግን የሸዋ ግዛት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየሰፋ ሲሄድ አንኮበር ዳር ሆነች። ንጉሡ ወደ ልቼ፣ በኋላም ወደ እንጦጦ ዞሩ። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ ሬምቦ ነጋዴ ሆኖ ከታጁራ ጠመንጃ አስጭኖ አንኮበር በደረሰ ጊዜ ንጉሡን አላገኛቸውም፤ ለመገናኘት እስከ እንጦጦ መጓዝ ነበረበት። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዚያው ዓመት ነው። እንግዲህ አንኮበርን ያከበራት ንግድና ምሽግነት ነበር፤ ያስረሳትም የመንግሥቱ መካከል ከእርሷ መራቁ ነው። ቤተ መንግሥቱ ፈርሶ በኮረብታው ላይ የድንጋይ ቅጥር ቅሪት ቀረ። እንደ ቅዱስ ሚካኤልና እንደ መድኃኔ ዓለም ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ግን በቦታው ስማቸውን ይዘው ኖረዋል።

ገበያው

ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርዱ አልዩ አምባ የሚባል የንግድ ከተማ ይገኛል። መንግሥቱ ከላይ፣ ገበያው ከታች ነበር ለማለት ይቻላል። ነዋሪዎቹ በብዛት እስላሞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ውስጥ አርጎባዎች በንግድና በሽመና የታወቁ ናቸው። ደገኛው ገብሱን፣ ባቄላውንና በጉን ይዞ ይወርዳል፤ ቆለኛው ጥጥና በርበሬ ያመጣል፤ አፋሩ በግመል አሞሌ ጨው ያራግፋል። አሞሌ ወጥ መቀመሚያ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ገንዘብም ይመነዘር ነበር። ለትልቅ ግብይት ደግሞ የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ተማሪዎች «ገንዘብ ምንድር ነው?» ለሚለው የኤኮኖሚ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኙም።

ምግቡ

የአንኮበር ምግብ የደጋ ምግብ ነው፤ መሠረቱም ገብስ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ቆሎ ይሆናል። ተፈትጎ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ ደግሞ በሶ ይወጣዋል። በሶ በውሃና በጨው ተለውሶ ወይም ተበጥብጦ ስለሚበላ እሳት አይፈልግም፤ ለብዙ ጊዜም አይበላሽም። ስለዚህ የነጋዴውም የወታደሩም ስንቅ ነበር። የሸዋ ጦር ያን ያህል አገር እንዴት ተጓዘ? ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልሱን በጠመንጃ ብቻ ሳይሆን በበሶ አቁማዳም ይፈልግ። በሶውን ያሰናዱት ደግሞ ሴቶች ናቸው፤ ወፍጮው ላይ ተንበርክከው በእጃቸው የፈጩት።

በጾም ጊዜ የደጋው ሰው ስልጆ ይሠራል። ስልጆ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ እየተማሰለ ከበሰለ በኋላ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ገብቶበት ለጥቂት ቀናት እንዲብላላ የሚቀመጥ ነው። ስናየው ተራ ምግብ ይመስላል። ነገር ግን የሳይንስ መምህሩ ስለ መብላላት ሲያስተምር፣ የስልጆና የጠላ ጋን በየቤቱ ያለ ቤተ ሙከራ መሆኑን ቢያሳይ ትምህርቱ ከተማሪው ልብ አይጠፋም።

በቤተ መንግሥት ግብር ሲጣል ከማርና ከጌሾ የተጠመቀ ጠጅ ይቀርብ ነበር። ጠጅ የንጉሡና የመኳንንቱ መጠጥ ሲሆን ጠላ የሕዝቡ ነበር። ሥጋው፣ እህሉና ማሩ ግን ከሰማይ አልወረደም። ገበሬው በግብር መልክ ያስገባው ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ውሃ ቀጂዋና እንጨት ለቃሚዋ ያን ኮረብታ በየቀኑ ወጥተው ወርደዋል። ሠልጣኞቻችን አንድ ጊዜ ወጥተው የደከማቸውን ዳገት እነርሱ እንስራ አዝለው ይወጡት ነበር።

የእጅ ሥራው

ወደ እጅ ሥራው ስንመጣ በመጀመሪያ የሚነሣው የሱፍ ሥራ ነው። ከአንኮበር በስተሰሜን ያለው የመንዝ አገር በበጎቹ የታወቀ ነው። የበጉ ጠጕር ተሸልቶ፣ ተነድፎና ተፈትሎ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። ጥቁሩ በርኖስ ብርዱንም ዝናቡንም ስለሚመክት ከእረኛ እስከ መኳንንት ይለበስ ነበር። ከቆላ የሚመጣው ጥጥ ደግሞ በሴቶች እንዝርት ተፈትሎ በሸማኔው እጅ ኩታና ጋቢ ሆኖ ይወጣል።

ቀጥሎ የብረት ሥራ አለ። አንጥረኛው በወናፍ እሳቱን እያናፋ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውንና ጦሩን ይሠራል። ማረሻ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለም ግብር የለም፤ ግብር ከሌለ ንጉሥም የለም። የሸክላ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነው። አፈሩ ተመርጦ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይቦካል። ከዚያም ያለ መንኰራኵር በእጅ ብቻ ቅርጽ ይዞ፣ በድንጋይ ተለስልሶ፣ ደርቆ በእሳት ይተኰሳል። ድስቱ፣ ምጣዱ፣ ጀበናው፣ እንስራውና ጋኑ በዚህ ዓይነት ይወጣሉ። ስፌቱም አለ፤ ሴቶች በግራምጣና በአክርማ፣ ቀለም በገባ አለላ እያስጌጡ መሶብና ሌማት ይሰፋሉ።

ሣህለ ሥላሴ የእጅ ባለሙያ ይወዱ እንደ ነበር የውጭ አገር እንግዶቹ ጽፈዋል። ብረት ሠሪውና ጠመንጃ አዳሹ፣ ሸማኔውና ጌጥ ሠሪው በግቢያቸው ይሠሩ ነበር። ነገር ግን ሥራን መውደድ ሠሪውን ከማክበር የተለየ ነው። ሃሪስ እንደ ጻፈው አንድ የውጭ አገር ሰው ለንጉሡ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ሳለ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለ ተቃወሙ ወፍጮው ሥራውን አቆመ። ከዚያ በኋላም ሴቶቻችን በእጅ ሲፈጩ ብዙ ዘመን አለፈ።

የባለ እጁ ስም

አሁን ወደ ጽሑፋችን ዋና ጉዳይ ደርሰናል። ማረሻውን የሠራው አንጥረኛ «ጠይብ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ናት፣ ዓይኗ ይበላል እየተባለ ትታማ ነበር። ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ»፣ ሸማኔው ደግሞ የልማት ሰው መሆኑ ቀርቶ መሳቂያ ይደረግ ነበር። ሰው በሸክላቸው በልቶ ከእነርሱ ጋር ግን አይጋባም፤ በብዙ ቦታም መሬት አይሰጣቸውም። በሰሜን ሸዋ ባሉ የባለ እጅ መንደሮች ብዙ ቤተሰብ ይህን ሸክም ተሸክሞ ኖሯል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። የዐዋጁ መንፈስ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውንና ሌላውንም ባለ ሙያ እየሰደባችሁ ሥራውን ካስተዋችሁት አገሪቱ ማረሻ እንኳ የሚሠራላት ታጣለች፤ ስለዚህ የሚሳደብ ይቀጣል። ያደጉት ባለ እጅ በሚሠራበት ግቢ አጠገብ በመሆኑ ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን በሩቁ አልነበረም የሚያውቁት። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅም መሬት ያልነበራቸው ባለ እጆች እንደ ሌላው የማረስ መብት እንዲያገኙ በር ከፈተ። ሕግ ግን ሆድ ውስጥ ያለውን ንቀት በአንድ ቀን አያወጣም። ያን የሚያወጣው ትምህርት ነው።

ይህን ያረጋገጥነው በዚያው ጉዞ ነው። ከኮረብታው ወርደን ወደ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ቤት ሄድን። ሠልጣኞቹ ከበው እየጠየቁ ማስታወሻ ሲይዙ አንድ ወጣት ብቻ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። «ምነው? አትገባም?» ብለን ብንጠይቀው «ፀሐዩ ደከመኝ» አለ። እናትየዋ አንድ እንስራ አንሥተው በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «ይኸ ተሰንጥቋል፤ ድምፁ ይናገራል» አሉ። ሌሎቹ ስንጥቁን ለማየት ሲጋፉ ያ ልጅ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ «ከታች ነው፣ ከቂጡ» አለ። እውነትም ከታች ነበር። እናትየዋ ቀና ብለው አዩትና «የማን ልጅ ነህ፣ ልጄ?» አሉት። አልመለሰም።

ማታ ብቻውን ወደ እኛ መጣ። እናቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ «የወላጅ ሥራ» በሚል ቦታ ላይ «ገበሬ» እያለ ሲሞላ ኖሯል። በእኛም ተቋም መዝገብ ላይ ያለው ይኸው ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት የተማረው በእናቱ ድስትና እንስራ ዋጋ ሆኖ ሳለ፣ ስማቸውን በሥራቸው ለመጻፍ ግን አልደፈረም። እኛም አፈርን። ያፈርነው በእርሱ አይደለም፤ ስለ ነገሥታቱ ያን ሁሉ ሰዓት ስናስተምር ይህን ልጅ ከአጥሩ ውስጥ የሚያስገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ባለመናገራችን ነው።

በማስተማር ልምምዱ ጊዜ የዚያ ሠልጣኝ ርእስ «የሸዋ መንግሥት» ነበር። እኛ ከኋላ ተቀምጠን ስንመለከት አንድ ጀበናና አንድ ምጣድ ይዞ ገባ። ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስለ አንኮበር ግብር፣ ስለ በሶውና ስለ ጠጁ አስተማረ። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ይህን ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀች። ጥቂት ዝም አለና «እናቴ» አለ። ከክፍሉ የሳቀ አልነበረም። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «የኔም አያት ትሠራለች» አለ።

መምህራን ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ከዚህ ልምድ በመነሣት ለሥራ ባልደረቦቻችን የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የመንግሥታት ታሪክ ሲሰጥ ከነገሥታቱ ስም ቀጥሎ «ማን አበላው? ማን አለበሰው? ማን ሠራለት?» የሚሉት ጥያቄዎች ይከተሉ። ሁለተኛ፣ ተማሪዎች ከየአካባቢያቸው አንድ የእጅ ሥራ መርጠው ስሙን፣ መሣሪያውን፣ የአሠራሩን ቅደም ተከተልና ገበያውን ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ጠይቀው ይጻፉ። ስማቸው እንዲጠቀስ የማይፈልጉ ባለ ሙያዎች ፈቃዳቸው ይጠበቅ። ሦስተኛ፣ ሙያን የሚሰድብ ቃል በክፍል ውስጥ ሲሰማ መምህሩ በዝምታ አይለፈው፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣና ምን ጉዳት እንዳደረሰ ያስረዳ። አራተኛ፣ ወደ አንኮበር መጓዝ የሚቻለው ትምህርት ቤት ይሂድ፤ የማይቻለው ደግሞ በአቅራቢያው ያለውን የተረሳ ከተማ ይፈልግ። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ቦታ የሌለበት አካባቢ ጥቂት ነው።

የአንኮበር ቤተ መንግሥት ፈርሷል። በእርሱ ዘመን የነበረው የሸክላ፣ የሽመናና የብረት ዕውቀት ግን በእጅ ከእጅ እየተላለፈ እስከ እኛ ደርሷል። ከቅጥሩ ድንጋይ ይልቅ የቆየው ይህ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችሁ በሚቀጥለው ዓመት የወላጅ ሥራ የሚለውን ቅጽ ከመሙላታቸው በፊት ይህን ትምህርት አስተምሯቸው።